ግንቡን ስታዩ ጦር ሜዳውን አትዝለሉት

ፈረንሳይ እንሂድ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ፓሪስን ነው። ከፓሪስ ወጣ ካልን ደግሞ የነገሥታቱን ግንብ፣ ቢበዛ አንድ ሁለት ካቴድራል። ጦር ሜዳው የጡረተኛ ወታደርና የታሪክ መምህር ጉዳይ ይመስለናል። እኔ ግን ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ሦስቱን አትነጣጥሏቸው። በአንድ ጉዞ፣ በአንድ ሚኒባስ፣ ከጥቂት ሰው ጋር ሆናችሁ እዩዋቸው። ለምን እንደምል ልንገራችሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።)

የተነሳነው ከፍራንክፈርት ነው። ግማሾቻችን ሐበሾች፣ ግማሾቹ ጀርመኖች። የጓደኛዬ እናት ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ መጥተው ስለነበር እሳቸውም አብረውን ነበሩ። እማማ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ረጅም መንገድ በእግር አይሆንላቸውም። ትንሽ ቡድን የመረጥነው በዋናነት ለእሳቸው ብለን ነው። እዚያ አገር በተራ መንጃ ፈቃድ የሚነዳ መኪና ከነሾፌሩ ከ9 ወንበር አይበልጥም፣ ስለዚህ ብዙዎቹ የትንሽ ቡድን ጉዞዎች ስምንት ተጓዥ ላይ ይቆማሉ። ስምንት ሰው ማለት ሽንት ቤት ለመሄድ ሰልፍ የለም ማለት ነው። አንድ ሰው ቢደክመው ሌላው ይጠብቀዋል። ደስ ያለ ነገር መንገድ ላይ ካየህ "እስቲ እዚህ ጋ አቁምልን" ማለት ትችላለህ። በትልቅ አውቶቡስ ሄጄ አውቃለሁ፤ "በአርባ ደቂቃ ተመለሱ" የሚባል ነገር ካለ ካቴድራል አይታይም፣ በቃ።

የጀመርነው ከራንስ ነው። ራንስ የፈረንሳይ ነገሥታት የሚቀቡባት ከተማ ነበረች። ለእኛ ሰው ለማስረዳት ቀላል ነው፦ ለእነሱ እንደ አክሱም ጽዮን ናት። ወጣቷ ጦረኛ ዣን ዳርክ በ1429 ሻርል ሰባተኛን በጠላት ግዛት አቋርጣ እዚህ ድረስ ያመጣችው ተቀብቶ እንዲነግሥ ነው። የካቴድራሉ ፊት ቆማችሁ ወደ ግራው በር ስትመለከቱ ፈገግ ያለ መልአክ ታያላችሁ። የድንጋይ መላእክት ብዙ ጊዜ ኮስታራ ናቸው። ይሄኛው ግን አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ የሆነ ደስ የሚል ወሬ የሰማ ነው የሚመስለው።

ይህ መልአክ አንዴ ራሱን አጥቶ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1914 የጀርመን መድፍ ካቴድራሉን ሲደበድበው፣ በሰሜኑ ማማ ላይ ለጥገና ቆሞ የነበረው የእንጨት መወጣጫ ተቀጣጠለ። እሳቱ ወደ ጣሪያው ዘለቀ። ጣሪያው በእርሳስ የተሸፈነ ነበርና እርሳሱ ቀልጦ፣ የዝናብ ውኃ እንዲያፈስሱ በተቀረጹት የድንጋይ አውሬዎች አፍ ወረደ። አንዳንዶቹ አውሬዎች የረጋውን እርሳስ አፋቸው ውስጥ እንደያዙ እስከ ዛሬ ተጠብቀው አሉ። የመልአኩም ራስ ያኔ ነው ወድቆ የተሰባበረው። ውስጥ ደግሞ ጭድ ላይ ተኝተው የነበሩት የቆሰሉ የጀርመን ምርኮኞች ናቸው። የራሳቸው ወገን መድፍ ነው የመጣባቸው።

ስብርባሪው ተለቅሞ፣ ከጦርነቱ በኋላ ራሱ ተገጣጥሞ ወደ ቦታው ተመለሰ። ለጥገናው ከአሜሪካዊው ባለሀብት ከሮክፌለር ብዙ ገንዘብ መጣ። አርክቴክቱ አንሪ ደኑ የጣሪያውን አጥንት በእንጨት ፋንታ በኮንክሪት ቁርጥራጮች ገጣጥሞ ሠራው፣ ዳግመኛ እንዳይነድ። ቤተ ክርስቲያኑ ተመልሶ የተከፈተው በ1938 ነው። አስቡት፣ ዓመት ከምናምን ቆይቶ ሌላ ጦርነት! ያኛው ጦርነትም ሲያልቅ ጀርመን እጅ የሰጠችበት ሰነድ ሜይ 7 ቀን 1945 የተፈረመው እዚችው ራንስ፣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። በ1962 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደ ጎልና የጀርመኑ ቻንስለር አደናወር ጎን ለጎን ሆነው ቅዳሴ የሰሙትም በዚሁ ካቴድራል ነው። አብረውን የነበሩት ጀርመኖች እዚህ ጋ ዝም ብለው ብዙ ቆዩ። በኋላ መኪና ውስጥ አንደኛዋ ስለ አያቷ ማውራት ጀመረች፣ ወሬው እስከ ማታ አላለቀም። በሃምሳ ሰው አውቶቡስ ውስጥ እንዲህ ያለ ወሬ አይወራም።

ከራንስ ቬርደን ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። እውነቱን ለመናገር እማማ ቬርደን ሊከብዳቸው ይችላል ብለን ፈርተን ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይና ጀርመን እዚህ ያደረጉት ውጊያ ከፌብሩዋሪ እስከ ዲሴምበር 1916 ድረስ 300 ቀን ያህል ነው የቆየው። ከሁለቱም ወገን የሞተው ወደ 300,000 ይጠጋል። ቁጥሩን ከመጽሐፍ አውቀው ነበር። መሬቱን ግን ማየት ነው። ጎድጓዳ፣ ጉብታ፣ እንደገና ጎድጓዳ። ሣሩና ዛፉ ሸፍኖታል እንጂ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎትም አንድ ሜዳ ቦታ የለውም፣ የመድፉ ጉድጓድ ሁሉ እንዳለ ነው።

ፍለሪ የምትባል መንደር ነበረች። "ነበረች" የምለው አሁን አንድም ቤት ስለሌላት ነው። በጫካው ውስጥ ጠባብ መንገድ ተሠርቷል፣ በየመንገዱ ዳር ትንንሽ ምልክቶች ተተክለዋል፦ እዚህ ዳቦ ጋጋሪው ነበር፣ እዚህ ትምህርት ቤቱ ነበር። ከምልክቱ ቀጥሎ ጉድጓድ፣ ከጉድጓዱ ቀጥሎ ሌላ ምልክት። በቬርደን ዙሪያ እንዲህ የወደሙ ዘጠኝ መንደሮች አሉ፣ በይፋ "ለፈረንሳይ የሞቱ" ተብለው ተመዝግበዋል። ፍለሪ ነዋሪ ባይኖራትም ዛሬም ከንቲባ አላት። እኔ ይሄን ስሰማ ዕንባዬ መጣ። ሰው የሌለባትን መንደር ስም እንዳይጠፋ ብሎ ከንቲባ የሚሾም አገር ለሟቾቹ ያለው ክብር ይገርመኛል።

ቀጥሎ ዱኦሞን ነው። የአፅም ማረፊያው ረጅም ሕንፃ ሥር፣ ማንነታቸው ያልታወቀ 130,000 ያህል ወታደሮች አፅም ተሰብስቧል። ፈረንሳይና ጀርመን አልተለየም፣ መለየትም አይቻልም። ከውጭ በኩል ዝቅ ያሉ መስኮቶች አሉ። ጎንበስ ብሎ ማየት ነው። እማማ ጎንበስ ማለት ስለማይችሉ ልጃቸው አይታ ነገረቻቸው። አማተቡና "የእናታቸው ሆድ" አሉ፣ ሌላ ምንም አላሉም። ፊት ለፊት ከ16,000 በላይ መቃብር ያለበት ሜዳ አለ። የሙስሊሞቹ የመቃብር ድንጋዮች ከመስቀሎቹ ተለይተው ወደ መካ ዞረዋል።

አስጎብኚያችን ከየት እንደሆንን ሲሰማ "ጎረቤቶቻችሁ እኮ እዚህ ተዋግተዋል" አለን። ጅቡቲ ያኔ የፈረንሳይ ግዛት ነበረች። ከዚያ የተመለመለ የሶማሌ ሻለቃ ነበር። ኦክቶበር 24 ቀን 1916 የዱኦሞንን ምሽግ ከጀርመን መልሶ ሲይዝ የሞሮኮው የቅኝ ግዛት እግረኛ ሬጅመንት ከሴኔጋል ወታደሮች ሌላ ሁለት የሶማሌ ሻምበል ጦሮችን ይዞ ነበር። የጅቡቲው ባቡር ገና አዲስ አበባ ሳይገባ ማለት ነው! ከጅቡቲ ፀሐይ የወጣ ልጅ በዚያ ብርድ፣ በዚያ ጭቃ፣ የማን ጠብ እንደሆነ እንኳ በቅጡ ሳይነገረው። ምሽጉ ውስጥ ስንገባ ግድግዳው ውኃ ያንጠባጥባል፣ በበጋም ጃኬት ያስፈልጋል። እስቲ ማን ነው ይሄን ታሪክ በአማርኛ የጻፈልን? እኔ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ መስመር እንኳ አላነበብኩም፣ ይቆጨኛል።

ወደ ኖርማንዲ የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው፣ አሚየን ላይ አድረን ነው ያለፍነው። የአሚየን ካቴድራል ጣሪያው ከወለሉ 42 ሜትር ይርቃል፣ አንገት እስኪያም ነው የሚታየው።

በ1944 አሜሪካኖች ከባሕር የወረዱበትን የኖርማንዲውን ኦማሃ ዳርቻ ሁሉም ስለሚያውቀው ብዙ አልልም። የአሜሪካኖቹ መቃብር ከ9,300 በላይ ነጭ መስቀልና የዳዊት ኮከብ አለበት፣ መግቢያው ነፃ ነው። ከዚያ ወጥታችሁ ግን ላ ካምብ ወደሚባለው የጀርመኖቹ መቃብር መሄድ አትርሱ። 21,000 ያህል ሰው ነው ያለው። ድንጋዩ ጥቁር፣ ዝቅ ያለ፣ ጎብኚ የማይበዛበት። አንዱን ብቻ አይቶ መመለስ ግማሽ ታሪክ ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የያዘኝ ቦታ ግን አንጎቪል ኦ ፕላን ነው። ትንሽዬ የገጠር ቤተ ክርስቲያን። ጁን 6 ቀን 1944 ሌሊት በፓራሹት ከወረዱት አሜሪካኖች መካከል ሮበርት ራይትና ኬኔት ሙር የሚባሉ ሁለት ወጣት የሕክምና ወታደሮች ቁስለኛ ይሰበስቡበት ጀመር። ውጊያው መንደሯን ወዲያና ወዲህ እየቀያየረ ሲያልፍ እነሱ ከቤተ ክርስቲያኑ አልወጡም። አሜሪካዊ ቢሆን፣ ጀርመን ቢሆን፣ የመንደሩ ሰው ቢሆን የመጣውን ሁሉ ያክማሉ። መሣሪያ ይዞ መግባት አይቻልም። የጀርመን ወታደሮች በሩን ከፍተው ሲገቡ የራሳቸው ሰዎችም ሲታከሙ አዩና ትተዋቸው ሄዱ። በዚያ ሁኔታ 80 ያህል ቁስለኛ ተረድቷል።

ቁስለኞቹን ያስተኟቸው በእንጨት አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ነበር። ደሙ ከእንጨቱ አልለቀቀም። አሁንም አለ። ጠቆር ያለ፣ ቡናማ፣ እንጨቱ ውስጥ የሰረገ ነጠብጣብ ነው። ጣሪያውን በስቶ ገብቶ ሳይፈነዳ የቀረው የሞርታር ጥይት የሰነጠቀው የወለል ድንጋይም እንዳለ ትተውታል። በር ላይ ጠባቂ የለም፣ ትኬት የለም። እኛ ስንገባ ከእኛ ሌላ ማንም አልነበረም። እማማ ከአንደኛው ወንበር አጠገብ ቁጭ ብለው በእጃቸው እንጨቱን ዳበስ ዳበስ አደረጉትና "እነዚህንስ እግዜር ነው የላካቸው" አሉ። ልጃቸው "እማዬ፣ ያኔ እኮ ሃያ ምናምን ዓመታቸው ነበር" ስትላቸው፣ "ታዲያ! እሱ ዕድሜ ያያል እንዴ?" ብለው መለሱላት። ራይት በ2013 ሲሞት እዚያው ቅጥር ግቢ ነው የተቀበረው። እዚህ መንደር ትልቅ አውቶቡስ ሲመጣ አላየሁም፣ መንገዱም ጠባብ ነው። ስምንት ሆኖ የመሄድን ጥቅም ከዚህ በላይ የሚያሳየኝ የለም።

ከዚያ በኋላ ሎዋር፣ የግንቦቹ አገር። ሻምቦርን ንጉሥ ፍራንሷ ቀዳማዊ በ1519 ነው ያስጀመረው። እርስ በርስ የተጠመዘዙ ሁለት ደረጃዎች አሉት፤ አንዱ በአንዱ ሌላው በሌላው ሲወጣ ይተያያሉ እንጂ አይገናኙም። ልጆች ካሏችሁ እዚያ ግማሽ ቀን ይውላሉ። ይሄም ግንብ ታዲያ ከጦርነት አላመለጠም። በ1939 የሉቭር ሙዚየም ሥዕሎች ከፓሪስ ሲሸሹ ሞና ሊዛን ጨምሮ ያረፉት እዚህ ነው።

ሸኖንሶ ግን ሌላ ነው። ወንዝ ላይ የተሠራ ግንብ ነው፣ ሼር የሚባል ወንዝ ከሥሩ ያልፋል። ከወንዙ በላይ 60 ሜትር የሚረዝም አዳራሽ አለ፣ ወለሉ ጥቁርና ነጭ፣ መስኮቱ ግራና ቀኝ። ንግሥት ካትሪን ደ ሜዲቺ ግብዣ ታበላበት ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ባለቤቶቹ፣ የቸኮሌት ነጋዴዎቹ የመኒየ ቤተሰብ፣ በራሳቸው ወጪ ሆስፒታል አደረጉት። ከ2,000 በላይ ቁስለኛ ታክሞበታል። በሁለተኛው ጦርነት ደግሞ ወንዙ ራሱ ድንበር ሆነ። የግንቡ ዋና በር ጀርመን በያዘው በኩል፣ የአዳራሹ መጨረሻ በር ነፃ በሚባለው በኩል። ሰዎች በዚያ አዳራሽ አልፈው አመለጡ። እኔ ያንን አዳራሽ ከዳር እስከ ዳር ስሄድ ስለ ካትሪን ግብዣ አላሰብኩም። ቬርደንን ያየ ሰው የአልጋ ረድፍ ነው የሚታየው፣ አንጎቪልን ያየ ሰው ወንበሮቹን ነው የሚያስበው። "ሦስቱን አትነጣጥሉ" የምለውም ለዚህ ነው።

ስንመለስ ሻርትር ገባን። እመቤታችን ለብሳዋለች ተብሎ የሚታመን ጨርቅ እዚያ ስላለ ለእማማ የጉዞው ሁሉ ዋና ነገር እሱ ነበር። እኛ ሰማያዊውን የመስታወት ሥዕል ስናይ እሳቸው ጨርቁ ጋ ቆመው ጸለዩ። መስታወቱ ዛሬ የሚታየው ጦርነቱ ሲመጣ በ1939 ተነቅሎ ስለተደበቀ ነው። በኦገስት 1944 ጀርመኖች ማማው ላይ አሉ ተብሎ በመድፍ ሊመታ ሲል፣ ዌልቦርን ግሪፊዝ የተባለ አሜሪካዊ ኮሎኔል ራሱ ገብቶ ፈተሸው። ማንም የለም ብሎ ድብደባውን አስቀረ። በዚያው ቀን እዚያው አካባቢ ተገደለ።

ለመሄድ ካሰባችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ጥቂት ነገር ጠይቁ። ሾፌሩና አስጎብኚው አንድ ሰው ነው ወይስ ሁለት? ፈረንሳይ ውስጥ በሙዚየምና በታሪካዊ ሕንፃዎች ውስጥ ለማስጎብኘት የባለሙያ ካርድ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ አንዳንዱ ሾፌር ግንቡ በር ድረስ አድርሷችሁ ውጭ ይቀራል። የመግቢያ ትኬቱ ዋጋው ውስጥ ተካቷል? በቀን ስንት ሰዓት መኪና ውስጥ ናችሁ? ኖርማንዲንና ሎዋርን በአንድ ቀን የሚያጣምር ፕሮግራም ካያችሁ ተዉት። ቬርደን ላይ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሌላ ነገር አታስይዙ፣ እንዲሁ እንዲተውላችሁ ጠይቁ። ከአገር ቤት ወላጅ የምታመጡ ከሆነ ቪዛቸው ተራ የሸንገን ቪዛ (ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በአንድ የሚያገለግለው) እስከሆነ ድረስ ፈረንሳይ እንዲገቡ የሚከለክል ነገር የለም። ግን ፓስፖርታቸውን ሆቴል ትታችሁ አትውጡ፣ ድንበር ላይ አንዳንዴ ይጠይቃሉ።