ሳክስፎኑ ሳይገባ

«ጋሼ፣ ሁለተኛው አዝማች ሲያልቅ ዝቅ አድርግና አውጣው። ማስታወቂያ አለብን።»

አለቃዬ ናት። ከመስታወቱ ማዶ፣ ከአቅራቢው ጎን ቆማ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ የሬዲዮ ጣቢያችን የድሮ ዘፈኖች ሰዓት። ሚክሰሩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ።

እየተጫወተ ያለው በ1970ዎቹ ከሮሃ ባንድ ጋር የተቀዳ ዘፈን ነበር። ቀጥሎ የሚመጣውን በደንብ አውቀዋለሁ። ዘፋኙ ያርፍና የፈቃዱ አምደመስቀል ሳክስፎን ይገባል። ከሥር የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ አለ። የሰላም ሥዩም ጊታር በመሃል ብቅ ይላል። ሦስቱም ከሮሃ በፊት ከነበረው ከአይቤክስ ባንድ ጀምሮ አብረው የተጫወቱ ናቸው፤ መተዋወቃቸው ከአጨዋወታቸው ይሰማል። እንግዲህ ልክ እዚያ ላይ ነው ዝቅ አድርግ የተባልኩት። ታዘዝኩ። የሳሙና ማስታወቂያ ገባ።

ከማስታወቂያው በኋላ ስልክ ከፈትን። የመጀመሪያዋ ደዋይ ሰላምታዋን ገና ሳትጨርስ ጠየቀች።

«ሳክስፎኑ ሳይገባ ለምን አቋረጣችሁት?»

አቅራቢያችን ጥሩ ልጅ ነው፣ በትህትና መለሰላት። «እህቴ፣ ሰዓት አጥሮን ነው።»

«እኛ እኮ በሰዓት እላፊ ዘመን ነው ያደመጥነው፣ ልጄ። ሰዓት ለማጠሩማ የኛ ይብስ ነበር።»

ከዚያ ነገረችን። ደሴ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች። ቤታቸው አንድ ቴፕ ብቻ አለ፣ የታላቅ ወንድሟ። ኦሪጅናል ካሴት መግዣ ስለሌላት ከሬዲዮ ነው የምትቀዳው። ዘፈኑ ሊጀምር ሲል የማጫወቻውንና የመቅጃውን ቁልፍ አንድ ላይ ትጫናለች፤ ከዚያ ጣቷን ከማቆሚያው ላይ አታነሳም። ይህንን ዘፈን ስትቀዳ ግን ሳክስፎኑ ጋ ሲደርስ ጋዜጠኛው ሰዓቱን ለመናገር ገባበት። ካሴቷ ላይ ዘፈኑ እንደዚያው ቀረ። የጓደኛዋ አጎት ከአዲስ አበባ ኦሪጅናሉን ይዞ ሲመጣ ነው ሙሉውን የሰማችው። «ዛሬ ሙሉውን እሰማለሁ ብዬ ድምፁን ከፍ አድርጌ ነበር» አለች። «ልጆቼንም ጠርቻቸው ነበር።»

እኔም በዚያው ዘመን ተማሪ ስለነበርኩ የምትለው ገብቶኛል። ያኔ ለእኛ ለጎረምሶቹ መዝናኛ የምንለው በጣት የሚቆጠር ነበር። ቴሌቪዥን አንድ ጣቢያ ብቻ ነው፣ እሱም ያለው ጎረቤት ነው። የቀበሌ ኪነት አለ፤ ልምምዱን በመስኮት አጮልቀን እናያለን። ሲኒማ ራስ ወይ አምባሳደር የምንገባው ገንዘብ ሲገኝ ነው። የቀረው ካሴት ነው። አንዱ ኦሪጅናል ይገዛል፣ ሰፈሩ በሙሉ ከእሱ ይቀዳል። ስልሳ ደቂቃ የሚይዘው ካሴት በአንድ ፊት አምስት ዘፈን ያህል ይይዛል። ክሩ ሲላላ በእስክሪብቶ እናጠነጥናለን።

ግጥሙን ደብተር ላይ እንገለብጣለን፣ ለምንወዳት ልጅ እንልካለን። ግጥሙ ግን ሳንሱር አልፎ ነው የሚመጣልን። ሳክስፎንን ሳንሱር የሚያደርግ ቢሮ አልነበረም። ለዚህም ይመስለኛል መሃል ላይ ያለው ሙዚቃ የእኛ ነው ብለን የያዝነው። ዘፋኙ ሲያርፍ ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁሉ ዝም እንላለን። አንዱ በአፉ ሳክስፎን ይጫወታል፣ ሌላው ጠረጴዛ ይደበድባል። ያንን ከዘፈኑ ላይ ማውጣት ትርፍ ነገር መቀነስ አይደለም። በእኔ እምነት ዘፈኑን ራሱን መንካት ነው።

ሰኞ ስብሰባ ላይ ጉዳዩን አነሳሁት። አለቃዬ ጎበዝ ናት፣ ሥራዋን ታውቃለች። ደመወዛችንን የሚከፍለው ማስታወቂያ መሆኑን እኔም አልክድም። «አድማጭ ከሦስት ደቂቃ በላይ አይታገስም፣ ጋሼ» አለችኝ።

«ቅዳሜ የደወለችው ሴትስ?»

«እሷ አንድ ሰው ናት።»

ይቺ መልስ እስካሁን ትከነክነኛለች። ከስብሰባው ከወጣሁ በኋላም ስመላለስባት ነበር። አንድ ሰው ናት፣ እውነት ነው። ግን ስልክ የሚደውል ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው። ዘፈን ቀይሩልን ብሎ የሚደውለውም አንድ ሰው ነው፤ የእሱን ቃል «አድማጭ እንዲህ አለ» ብለን ሪፖርት ላይ እንጽፋለን። ያቺ ሴት ልጆቿን ጠርታ ሬዲዮ አጠገብ አስቀምጣለች። በዚህ ዘመን ልጆቹን ሰብስቦ ሬዲዮ የሚከፍት ሰው ያገኘ ጣቢያ አንድ ናት ብሎ ባያልፋት ደስ ይለኝ ነበር። ይህንን ስብሰባው ላይ አልተናገርኩም፣ ዕድሉም አልተሰጠኝም። ወደሚቀጥለው አጀንዳ ታለፈ።

ከሰዓታት በኋላ ግን አለቃዬ ራሷ ስቱዲዮ ድረስ መጣች። «ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ዘፈን ሳይቆረጥ ይሂድልህ፣ አንዱን አንተ ምረጥ» አለችኝ። አመሰገንኳት፣ ከልቤ ነው። ሌሎቹ ዘፈኖች አሁንም ሦስት ደቂቃ ላይ ይቆረጣሉ። የእኔን ምርጫ ከሰዓቱ ዜና ርቆ፣ ልክ ከመክፈቻው ማስታወቂያ በኋላ ነው የማስገባው። ዜናው አጠገብ ካስቀመጥኩት ጭራውን ዜናው ይወስደዋል።

ሌላም ነገር ጠይቄአለሁ። የዚያ ዘመን ካሴቶች ብዙዎቹ ሽፋናቸው ላይ የባንዱን ስም እንጂ የተጫዋቾቹን ስም አይጽፉም። ሳክስፎኑን ማን እንደነፋ፣ ቤዙን ማን እንደያዘ የምናውቅ ሰዎች ደግሞ እየተመናመንን ነው። ስለዚህ ዘፈኑ ሲያልቅ አቅራቢው የዘፋኙን ስም እንደሚጠራ ሁሉ የተጫዋቾቹንም ያንብብ አልኩ። አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ዝርዝሩንም እኔ አዘጋጃለሁ ብያለሁ። እስካሁን መልስ አልተሰጠኝም።