የዳዊት ዱቤ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ወፍጮ ቤት አለኝ። ሁለት ወፍጮ ነው፤ አንዱ ለእህል፣ አንዱ ለበርበሬና ለሽሮ። ይቺን ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች። የባለ ወፍጮ ጊዜ የራሱ አይደለም፣ የመብራት ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ከመጣ ሌሊት 8 ሰዓት ትነሳለህ። ቀን ከጠፋ ደግሞ ሰው ማዳበሪያውን ተደግፎ፣ አንተ እንዳጠፋኸው ሁሉ ዓይን ዓይንህን ሲያይ ይውላል። በዚህ መሀል ጸሎት የት ይገባል? ለዓመታት አልገባም ነበር። ጠዋት አማትቤ እወጣለሁ፣ ማታ ዱቄቴን ሳላራግፍ እተኛለሁ።

ባለፈው ዐቢይ ጾም ግን ቆረጥኩ። የጸሎት መጽሐፍ ገዛሁ፣ ከመኝታ ቤቱ በስተምሥራቅ ሥዕል ሰቀልኩ፣ ለባለቤቴ ነገርኳት። ይህ ሁሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ ማንም ይችለዋል።

የንስሐ አባቴ ዘንድም ሄድኩ። «የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ድገም፣ አንድ መዝሙር ጨምር፣ በቃ» አሉኝ። አንድ መዝሙር! እኔ ልጅ ሆኜ የኔታ ዘንድ ዳዊት የደገምኩ ሰው ነኝ፣ ጎጃም ውስጥ ዳዊት ደገምኩ ማለት ደግሞ ቀልድ አይደለም። ትንሽ ከፋኝ፣ እውነቱን ለመናገር።

በዚያው ሰሞን አንድ ሰባኪ ስለ ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አስተማረ። ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሰርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። ቀትር ጌታችን የተሰቀለበት፣ ተሰዓት ነፍሱን የሰጠበት እያለ አንድ በአንድ ሲተነትን ልቤ ሞቀ። ትምህርቱ ልክ ነው፣ አንድም የሚወጣለት የለም። ግን «ሥራ በዛብኝ የሚል ሰው ሰበበኛ ነው» ብሎ ሲጨርስ ያ ሰው እኔ ነኝ ብዬ አፈርኩ። አሁን ሳስበው ያበሽቀኛል። አንድ ቀን ወፍጮ ቤት ቆሞ ቢውል እንዲህ አይልም ነበር።

እናም ሰባቱንም ያዝኩ። ስልኬ ላይ ሰባት ደወል ሞላሁ። በዚያ ላይ የዕለቱን ዳዊት ሙሉውን ልደግም ወሰንኩ፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ እንዲህ እያለ ቅዳሜ 150ው ያልቃል።

ደወሉ ሦስት ቀን ሠራ። በአራተኛው ቀን 6 ሰዓት ላይ ሲጮህ እጄ በርበሬ ነበር። ላጠፋው ስል ዓይኔን ነካሁ። ከዚያ በኋላ ደወል የሚባል ነገር አልወድም።

ዳዊቱ ግን የባሰ ነው፣ ሁሉም የተበላሸው እዚያ ላይ ነው። ሰኞ 30 መዝሙር ነበረብኝ፣ 12 ደገምኩ። የቀረውን 18 ምን ላድርገው? የባለ ሱቅ አእምሮ መጥፎ ነው። ለደንበኛ የምይዘው የዱቤ ደብተር ጀርባ ላይ «18» ብዬ ጻፍኩ። ነገ እከፍላለሁ ብዬ። ነገ የነገው 30 አለ። ከነገ ወዲያም አለ። ሳምንቱ ሲያልቅ ደብተሩ ላይ ከ70 በላይ ሆነ፣ እኔ ደግሞ ጸሎት ሳይሆን ወለድ የማስብ ሰው ሆንኩ። ስደግም ቃሉን አልሰማውም፣ የምሰማው ቁጥሩን ነው። አጭር መዝሙር ሲመጣ ደስ ይለኛል፤ 116ኛው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፣ እሱን ስደርስ እንደ ሽልማት ነበር። 118ኛውን ግን እዘለዋለሁ፣ 176 ቁጥር ነው። የሚገርመው «ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ» የሚለው ጥቅስ፣ ሰባኪው ያስጨነቀኝ ጥቅስ፣ ያለው እዚያው የዘለልኩት 118 ላይ፣ ቁጥር 164 ነው። ይህን ያወቅሁት ከፋሲካ በኋላ ነው።

የጾሙ እኩሌታ፣ የደብረ ዘይት በዓል ላይ ስደምረው 312 መዝሙር ዕዳ ነበረብኝ። ባለቤቴ ደብተሩን አይታ «ይኼ ደግሞ የማን ዱቤ ነው?» አለችኝ። የእግዚአብሔር ነው አልልም፣ ዝም አልኩ።

ረቡዕ ማታ ሁሉንም በአንድ ሌሊት ልጨርስ ተነሳሁ። ለምን ረቡዕ? መብራት ጠፍቶ ስለነበር ነገ ሥራ የለም ብዬ ነው። ሻማ አብርቼ፣ ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ ቆምኩ። እየቆምኩ፣ እየተቀመጥኩ፣ በመጨረሻ ግድግዳ ተደግፌ፣ እንደ ጨረታ ነው የምደግመው። 140 ምናምን ላይ ስደርስ ሌሊት 10 ሰዓት ሆነ። መብራት መጣ። ወዲያው በሩ ተንኳኳ።

መጀመሪያ የገቡት አንዲት እማሆይ ናቸው። ጤፍ ይዘዋል፣ የማኅበር ጤፍ፣ ለቅመው አበጥረው ነጭ እንደ ወተት አድርገው። ተረኛ ናቸው፣ ነገ ሰው ይመጣባቸዋል። «ልጄ፣ ቶሎ በልልኝ፣ ገና ላቦካ ነው» አሉኝ። እሺ እማሆይ አልኩ። ጤፉን ተሸከምኩና፣ ዓይኔ ሳይገለጥ፣ ትናንት በርበሬ ሲፈጭበት የዋለው ወፍጮ ላይ ገለበጥኩት።

ሽታው ነው ያነቃኝ። ሳጠፋው ግማሹ ወርዷል። ዱቄቱ ቀልቷል። እማሆይ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ቀመሱ፣ አስነጠሱ፣ ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ታመሃል እንዴ ልጄ?» ነው ያሉት። ዳዊት ስደግም አድሬ ነው ልል አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። እሳቸው ፊት እንዴት ይባላል?

ከቤት ጤፍ አውጥቼ ሰጠኋቸው፣ እንደሳቸው ጤፍ ነጭ አልነበረም።

በዚያው ሳምንት የንስሐ አባቴ ጋ ሄጄ ሁሉንም ዘረዘርኩ። ሰባቱን፣ ደወሉን፣ 312ቱን። ሲስቁ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። «ደብተር ያዝ ያለህ ማነው?» አሉኝ። ማንም። «እኔ ምን ብዬህ ነበር?» ውዳሴ ማርያምና አንድ መዝሙር። «አደረግኸው?» አላደረግሁትም።

አሁን እንዲህ ነኝ። በሩን ሳልከፍት የዕለቱን ውዳሴ ማርያምና አንድ መዝሙር አደርሳለሁ፤ መብራት በማንኛውም ሰዓት ቢመጣ፣ ሰው ቢያንኳኳም፣ ያቺ ሩብ ሰዓት አትነካም። ይቅርታ፣ ሰው ትንሽ ቢጠብቅ አይሞትም። ያመለጠኝ ቀን አመለጠ፣ አልጽፈውም። 118 ሲደርስ አንድ ሳምንት ከፋፍዬ እደግመዋለሁ። ጸሎት ጸጥታ ይፈልጋል የሚሉትን ደግሞ አልቀበልም። ወፍጮው ሲዞር ማንም አይሰማህም፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ ብትል ከአንተና ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። እኔ ከየትኛውም ጸጥታ ይልቅ እዚያ ይገባኛል። ሰባቱን ጊዜ መያዝ የቻለ ይያዝ፣ እኔ ግን ለባለ ሥራ ሰው በሁለት ጀምር ነው የምለው፤ ዳንኤል እንኳ ባቢሎን ውስጥ በቀን ሦስት ጊዜ ነበር።

እማሆይ ደንበኝነታቸውን አልተዉም። ግን እስከ ዛሬ ዱቄታቸውን በጣታቸው ሳይቀምሱ አይሄዱም።