«ሲስተር፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

ደሴ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል ነርስ ነኝ። የጡት ካንሰር ውጤት የሚነገረው እኛ ጋ ነው። ሐኪሙ ይናገራል፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ እደግማለሁ። ሰው ግን «ካንሰር» የምትለውን ከሰማ በኋላ ሌላው አይገባውም። ራሱን ይነቀንቃል፣ ወረቀቱን ተቀብሎ ይወጣል፣ በቃ።

አንድ ቀን ከሐይቅ አካባቢ አንዲት ሴት መጣች። ወደ አርባው የምትጠጋ። በሽታው ገና ወደ ሌላ አካል አልሄደም። ጡቷ ይነሳል፣ ከዚያ ኪሞ የሚባለውን ፀጉር የሚያረግፍ የካንሰር መድኃኒት ትወስዳለች ተባለ። «አልቆረጥም» አለች። ሐኪሙ አስረዳ። እኔም ለመንኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ሲስተር፣ አንቺ ሁለቱም አሉሽ። ምን ታውቂያለሽ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ምን እላለሁ?

ለክትትል የመጡ አንዲት እናት ውጭ አግዳሚው ላይ ተራ ይጠብቁ ነበር። ሰኞ ገበያ በርበሬ ይነግዳሉ። ጡታቸው ከተነሳ ዓመታት አልፈዋል፤ ታሞክሲፈን የሚባለውን ክኒን በየቀኑ ይውጣሉ። ሁለቱንም አስፈቅጄ አገናኘኋቸው።

እትዬ ስለ ካንሰር አንድ ቃል አልተነፈሱም። «ልጆች አሉሽ? ማን ይጋግርልሻል?» ብለው ጀመሩ። ከዚያ መጋረጃውን ሳብ አድርገው ጠባሳቸውን አሳዩአት። ከጡት መያዣቸው ውስጥ ራሳቸው የሰፉትን፣ ጥጥ የተጠቀጠቀበትን ጨርቅ አውጥተው በእጇ አስያዟት። ጨመቅ ጨመቅ አደረገችውና ሳቀች። ወዲያው ጥያቄው ጎረፈ። ባልዎ ምን አሉ? ውሃ መሸከም ይቻላል? ፀጉሬ ሲረግፍ ጎረቤት ምን ይለኛል? «ሻሽ ለመቼ ነው?» አሉ እትዬ። እኔን እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም።

ትንሽ ቆይቼ ስወጣ ሁለቱም ኮሪደሩ ላይ ቆመው ጣቶቻቸውን እንደ ሸረሪት ግድግዳውን ሽቅብ ያስኬዳሉ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ክንድ እንዳይተሳሰር የሚሠራ እንቅስቃሴ ነው። እኔ በወረቀት ስሰጠው የሚሠራው የለም።

ቀዶ ሕክምናውን ተደረገች። ለኪሞው ግን ቀረች። ብደውል «እትዬ እኮ ክኒን ብቻ ነው የወሰዱት። ለእኔም እሱ ይሰጠኝ» አለችኝ። የእትዬ ዕጢ ሆርሞን የሚያሳድገው ዓይነት ነው፤ ታሞክሲፈን የሚሠራው ለእሱ ነው። የእሷ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ክኒኑ ምንም አይፈይድላትም።

ባልደረቦቼ «ይኸው! ሕመምተኛ ሕመምተኛን ይምከር ስትይ» ብለው ተነሱብኝ። ነገሩ እንዲቀር የፈለጉም ነበሩ። እኔ አልተስማማሁም። እ.ኤ.አ. በ1952 ኒው ዮርክ ውስጥ ቴሬዝ ላሰር የምትባል ጡቷ የተነሳ ሴት እንደ እሷ የሆኑትን በየሆስፒታሉ መጠየቅ ስትጀምር፣ ቀዶ ሐኪሞቹ ደስ አላላቸውም ነበር። በ1969 የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር ሥራውን የራሱ ፕሮግራም አደረገው። ከእኛ በፊት የተጨቃጨቁበት ነገር ነው ማለት ነው።

እትዬን ቡና ጋብዤ የሆነውን ነገርኳቸው። «እኔማ የራሴን ነው የነገርኳት» አሉ፣ ትንሽ ከፍቷቸው። እሱም ልክ ነው። ስልኬን ተቀብለው ራሳቸው ደወሉላት። «ልጄ፣ የእኔ መድኃኒት የእኔ ነው፣ ያንቺን ሐኪሙን ጠይቂ። ዱአውንም አስደርጊ፣ ጸበልም ካሻሽ ጠጪ፣ ቀጠሮውን ግን አትዝለይ» አሏት። በሳምንቱ መጣች።

አሁን አዲስ ታማሚ ከማገናኘቴ በፊት ይህንኑ ለሁለቱም እናገራለሁ። ስለ ቤት፣ ስለ ባል፣ ስለ ፀጉር፣ አዲስ አበባ ለጨረር ሲኬድ የት እንደሚታደር የፈለጉትን ያውሩ። የመድኃኒት ጥያቄ ከመጣ ወደ እኛ ይመለሳል። ከተቻለም የሕክምናቸው ዓይነት የሚቀራረብ ሴቶችን እመርጣለሁ፤ ሁልጊዜ ባይገኙም።

በጀት የሚባል ነገር የለውም። እትዬ በባጃጅ የሚመጡት በራሳቸው ሂሳብ ነው። አንድ ቀን ከኪሴ ልከፍልላቸው ብል ተቆጡኝ። በርበሬ ግን አስገዝተውኛል፣ ያውም ሳይቀንሱልኝ።