ጂፔን በሞተርሆም ስጎትት ካምቢዮውን ያቃጠልኩበት መንገድ

የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። ባለፈው ዓመት ባለ ሁለት ዲፍረንሻል ጂፕ ራንግለሬን ከሞተርሆማችን (ውስጡ መኖሪያ ካለው ትልቅ መኪናችን) ኋላ አስሬ፣ አራቱም ጎማው መሬት ላይ እየተሽከረከረ፣ ወደ ሞአብ፣ ዩታ ለመጓዝ ተነሣሁ። በሞአብ ዐለታማ መንገዶች ሞተርሆም አይገባም፤ ስለዚህ ጂፑን ይዞ መሄድ ግድ ነበር።

መሣሪያው ብዙ ትረካ አያስፈልገውም። ከጂፑ ቻሲ ጋር የሚታሰር ብረት፣ መጎተቻ ዘንግ፣ ሁለት የደኅንነት ገመዶች፣ የፍሬን መብራትና የፍሬቻ ሽቦ፣ የጂፑን ፍሬን የሚረግጥ መሣሪያ፣ እንዲሁም ጂፑ ተበጥሶ ቢቀር ፍሬኑን በራሱ የሚያስይዝ ማብሪያ በአንድ ቀን ተገጠመልኝ፤ ሥራው ንጹሕ ነበር።

ችግሩ የመጣው መኪናውን ሲያስረክቡኝ ነው። የገጠመው ባለሙያ «ካምቢዮውን ኒውትራል ላይ አድርገው፣ መሪው እንዳይቆለፍ ቁልፉን አንድ ጊዜ አዙረው፣ በቃ» አለኝ። «ትራንስፈር ኬዙስ?» ብዬ ጠየቅኩት፤ ከካምቢዮው የሚመጣውን ኃይል ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን ክፍል ማለቴ ነው። «አትንካው» አለኝ። የፋብሪካው ማንዋል ከዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ፣ ከእጄ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር፤ እኔ ግን አላወጣሁትም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ኢንተርስቴት 70 የተባለውን አውራ ጎዳና ይዘን 3,401 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን የአይዘንሃወር ዋሻ አለፍን፤ ወደ ሲልቨርቶርን የሚወርደውን ቁልቁለት በዝቅተኛ ማርሽ ወረድን፤ ቬይል ፓስንና የግሌንውድን ሸለቆም አለፍን። ሞተርሆም በጣም ከባድ ስለሆነ ከኋላው ያለው መኪና ቢታመም ሹፌሩ አይሰማውም፤ በኋለኛው ካሜራ ላይም ጂፑ ጤነኛ መስሎ ይታይ ነበር። ግራንድ ጀንክሽን ላይ አስቤዛ ለመግዛት ጂፑን ፈታሁት። በሩን ስከፍት የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። ሞተሩን አስነሥቼ ማርሽ ሳስገባ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናው አይንቀሳቀስም፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በኃይል ተወርውሮ ተንቀሳቀሰ። የሞአቡ ጉዞ እዚያው አበቃ፤ ጂፑም በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ኦሮራ ተመለሰ።

የሰፈራችን መካኒክ አንድ አዛውንት ኢትዮጵያዊ ናቸው። ዘይቱን ነጭ ሳፋ ላይ ሲያፈሱት ቀዩ ዘይት ቡና መስሎ ነበር፤ ከሳፋው ሥር እንደ ብር ብናኝ የሚያብለጨልጭ ብረት ይታይ ነበር። ጣታቸውን ነክረው ወደ አፍንጫዬ አስጠጉና «አሽተው ልጄ፤ ይህ ካምቢዮ ያለ ዘይት ነው የሠራው» አሉኝ። ትራንስፈር ኬዙ በሁለት ጎማ ላይ ስለቀረ፣ የኋላ ጎማዎቹ የካምቢዮውን መውጫ ዘንግ መንገዱን ሙሉ አሽከርክረውታል፤ ካምቢዮው ውስጥ ዘይት የሚያሰራጨው ፓምፕ ግን የሚሠራው በሞተሩ ኃይል ነው፤ ሞተሩ ደግሞ ጠፍቶ ነበር። ትራንስፈር ኬዙ ኒውትራል ላይ ቢሆን ኖሮ ጎማዎቹ ከካምቢዮው ጋር ግንኙነት አይኖራቸውም ነበር። «ጋሼ፣ ታዲያ ይህን ማንም እንዴት አልነገረኝም?» አልኳቸው። «መጽሐፉ ነግሮሃል» አሉኝ።

ጥገናው ከ4 ሺህ ዶላር በላይ ፈጀ። ወደ ገጠመው ጋራዥ ስመለስ ኃላፊው የደረሰኙን ጀርባ አገላብጦ፣ ደንበኛው የፋብሪካውን መመሪያ የመከተል ግዴታ እንዳለበት የሚገልጸውን ደቃቅ ጽሑፍ አሳየኝ። የራሱ ሠራተኛ ምን እንዳለኝ ለመስማት ፈቃደኛ አልነበረም፤ ይቅርታ የሚል ቃልም ከአፉ አልወጣም።

ለእኔ ዓይነት አውቶማቲክ ራንግለር ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው። ጂፑ ከሞተርሆሙ ጋር ከታሰረ በኋላ፣ ሞተሩ እየሠራ ፍሬን ተረግጦ ካምቢዮው ወደ ኒውትራል ይገባል፤ ከዚያ የትራንስፈር ኬዙ ዘንግ በፎር ሃይና በፎር ሎው (በባለ አራት ጎማ ፈጣንና ዝግተኛ ማርሾች) መካከል ወዳለው ኒውትራል በኃይል ይገፋል፤ እጅ ከባድ ካልሆነ ግማሽ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። ቀጥሎ ማርሹ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ገብቶ መኪናው እንደማይንቀሳቀስ ይረጋገጣል። ከዚያ ሞተሩ ይጠፋል፤ ካምቢዮው ፓርክ ላይ ይደረጋል፤ የመሪው ቁልፍና የእጅ ፍሬኑም ይለቀቃሉ። ካምቢዮው ፓርክ ላይ ሆኖ ጎማ መሽከርከሩ ሰውን ያስፈራል፤ ነገር ግን ትክክል ነው።

ማንዋሉ በዚህ ይበቃል ይላል፤ እኔ አይበቃም እላለሁ። ሞተርሆሙን 30 ሜትር ያህል ቀስ ብዬ ወደ ፊት ስነዳ ባለቤቴ ከጎን ቆማ አራቱም ጎማዎች መዞራቸውን ሳታይ አልጓዝም። የፍሬን መሣሪያውንም ሕግ በማያስገድድበት ስቴት ቢሆን አልተውም፤ የሮኪ ተራሮችን ቁልቁለት የወረደ ሰው ስለዚህ አይከራከርም። ጂፑ ታስሮ ሳለ ሞተርሆሙን ወደ ኋላ መንዳት ደግሞ መጎተቻ ዘንጉን ያጣምማል፤ ነዳጅ ማደያ ስገባ መውጫውን አስቀድሜ የማየው ለዚህ ነው።

ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ ሞአብ ደረስን። በመንገድ ላይ በየማረፊያው ከጂፑ ሥር ገብቼ የካምቢዮውን ኮፓ (ከሥሩ ያለውን የዘይት መያዣ) በእጄ ዳሰስኩት፤ ግራንድ ጀንክሽን ላይ ስነካው ቀዝቃዛ ነበር።