22 አልጋ ያለው ቤት ስንት ሰው ይችላል?

እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ምድር ቤት ያለው ሻወር ቡልቅ ቡልቅ ማለት ጀመረ። ፎቅ ላይ የሽንት ቤት ውሃ በተለቀቀ ቁጥር ከሻወሩ ማፍሰሻ አየር ይወጣል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጥቁር ውሃ ተከትሎ ወጣና ወለሉ ላይ ተኛ። እንዲህ ሲሆን ከቤቱ ሁሉ ቀድሞ የሚታይበት ዝቅተኛው ማፍሰሻ ነው፤ ስለዚህ የሻወሩ ድምፅ የሻወሩ ችግር አይደለም።

ቤቱ ሐይቅ ዳር ያለ፣ ዕድሜ ጠገብ፣ ለትልልቅ ቤተሰብና ለመሥሪያ ቤት ቡድን ሙሉውን የሚከራይ ነው። አልጋው 22 ነው፤ ያደሩትም 22 ናቸው። ቅዳሜ ግን ለምሳ ብቻ 15 ሰው ተጨምሮ ነበር። በዚያው ቀን የቀደመው ቡድን አንሶላና ፎጣ በቤቱ ማሽን 8 ዙር ታጥቧል።

እስቲ ውሃውን እንቁጠር። አንድ አዳሪ እንግዳ በቀን 140 ሊትር ያህል ይጠቀማል ብንል 3,080 ሊትር ይሆናል። የምሳ እንግዶች በነፍስ ወከፍ 40 ሊትር ቢሉ 600፣ ልብስ ማጠቢያው በዙር 60 ሊትር ቢል 480። ድምሩ 4,160 ሊትር ነው። የቤቱ ሴፕቲክ ታንክ፣ ማለትም የቤቱን ፍሳሽ የሚቀበለው ከመሬት በታች የተቀበረው ታንክ፣ የሚይዘው 4,000 ሊትር ሲሆን ከዚያም ሲሶውን ከታች ዝቃጭ፣ ከላይ ቅባት ይዞታል። ለአዲሱ ፍሳሽ የቀረው ቦታ 2,700 ሊትር ገደማ ነው። ፍሳሽ ታንኩ ውስጥ ቢያንስ 24 ሰዓት ረግቶ መቆየት ሲገባው 16 ሰዓት እንኳ አይቆይም ማለት ነው። ጠጣሩ ሳይዘቅጥ ከውሃው ጋር ይወጣና ማስረጊያውን፣ ማለትም ከታንኩ የወጣው ውሃ በተቀበረ ቱቦ ወደ አፈር የሚሰርግበትን መሬት፣ ይደፍናል። ደግሞ ይህ ውሃ ቀኑን ሙሉ እኩል አይመጣም፤ አብዛኛው ጠዋት ሁሉም ሲታጠብና ማታ ዕቃ ሲታጠብ በአንዴ ይወርዳል።

የቆዩ ቤቶች ላይ ይህ የሚበረታበት ምክንያት አለ። ሴፕቲክ ታንክን ፈረንሳዊው ዣን ሉዊ ሙራስ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት እ.ኤ.አ. በ1881 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ታንኩ በኋላ የተጨመረለት ነው፤ የሚጨመረውም ቦታ በተገኘበትና ውሃ በራሱ በሚወርድበት፣ በቤቱና በሐይቁ መካከል ባለው ዝቅተኛ መሬት ላይ ነው። መጠኑም ብዙ ጊዜ ለአንድ ቤተሰብ ታስቦ የወጣ ነው።

ቧንቧ ሠራተኛው እስኪደርስ አንድ ሰው ኮስቲክ ሶዳ ሊደፋበት ተነሥቶ ነበር፤ በጊዜ ተከለከለ። ሶዳው ለዚህ ችግር አይረባም፤ ታንኩ ውስጥ ያሉትን ቆሻሻ አፍራሽ ባክቴሪያዎች ይጎዳል፤ በኋላ ቱቦውን በዘንግ የሚከፍተውን ሠራተኛም ዓይንና ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል።

«ጋሼ፣ ቱቦው ተደፍኖ ይሆን?» አለው የቤቱ ተቆጣጣሪ ቧንቧ ሠራተኛው ሲደርስ።

«ታንኩ ሳይከፈት አይታወቅም። መጀመሪያ የመውጫውን ክዳን አንሡልኝ።»

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይኸው ነው። በታንኩ ውስጥ ያለው ውሃ ከመውጫው ቱቦ ታችኛ ጠርዝ ጋር እኩል ከሆነ ታንኩ ደህና ነው፤ ድፍኑን ከቤቱ እስከ ታንኩ ባለው መስመር ይፈልጉታል። ከመውጫው በላይ ካለፈ ግን ዘንግ ቢያስገቡም ዋጋ የለውም፤ ችግሩ የመውጫው ማጣሪያ ወይም ከዚያ ወዲያ ያለው ማስረጊያ ነው። እዚህ ቤት ውሃው ከመውጫው 20 ሳንቲሜትር በላይ ቆሞ ነበር። ክዳን ሲከፈት ማንም አንገቱን አያስገባ፤ እሳትም አይቅረብ። ከሚወጣው ጋዝ አንዱ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፤ ሲበዛ የማሽተት ስሜትን ራሱን ስለሚያደነዝዝ «ሽታው ቀነሰ» ብሎ መጠጋት ሰው ይገድላል።

ማጣሪያው ሲወጣ የረጋ ቅባት ለብሶ፣ በቅባቱ ላይ እርጥብ ሶፍት እንደ ገመድ ተጠምጥሞበት ነበር። ማሸጊያው ላይ ሽንት ቤት ውስጥ ሊጣል ይችላል ተብሎ ቢጻፍም አብዛኛው እርጥብ ሶፍት ውሃ ውስጥ አይበታተንም። ማጣሪያው በጎማ ውሃ ታጠበ፤ እጣቢው ተመልሶ በታንኩ መግቢያ በኩል ነው የሚገባው፣ ወደ መውጫው ከሄደ ማስረጊያው ውስጥ ይገባል። ታንኩ ጥቂት ሳንቲሜትር ዝቅ አለና ቆመ። ማጣሪያው ብቻ ቢሆን ኖሮ እስከ መውጫው ጠርዝ በወረደ ነበር።

የቀረውን ያዘው ሐይቁ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ ስለነበረ ሐይቁ ሞልቷል፤ ከሐይቁ ጋር የከርሰ ምድር ውሃውም ተነሥቷል። ማስረጊያው ላይ ያለው ሣር ሲረገጥ ውሃ ይተፋል። ከማስረጊያው ቱቦ በታች እስከ ከርሰ ምድር ውሃ ድረስ ደረቅ አፈር ያስፈልጋል፤ እንደየአገሩ ደንብ ቢለያይም ብዙ ጊዜ ከ60 ሳንቲሜትር እንዳያንስ ይጠየቃል። ያ አፈር ከራሰ ፍሳሹ አይሰርግም፤ ቢሰርግም ሳይጣራ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ፎስፈረስና ናይትሮጅን ይዞ ስለሚገባም አልጌ ያበዛል። ሰው ለሐይቁ ብሎ የመጣበትን ቤት ለሚያስተዳድር ይህ ከሽታው በላይ ሊያሳስበው ይገባል።

መጣጩ መኪና ሲጠራ ሌላ ጣጣ መጣ። የግቢው በር የጋሪ ዘመን በር ነው፤ መኪናው አላለፈም። በሣሩ በኩል ዞሮ ይግባ ቢባል ደግሞ ማስረጊያው ላይ መውጣቱ ነው፤ ክብደቱ ቱቦውን ይሰብራል፣ አፈሩንም ያጠብቀዋል። መንገድ ላይ ቆሞ ረጅም ጎማ ተዘረጋ። እዚህ ላይ የጎማው ርዝመት ብቻ ሳይሆን ከፍታውም ይታሰብ፤ የትኛውም መምጠጫ ውሃን ከ7 ወይም ከ8 ሜትር በላይ ወደ ላይ መሳብ ይከብደዋል። የተመጠጠውም ግማሹ ብቻ ነው። ከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ባለበት ጊዜ ባዶ የተደረገ ታንክ፣ በተለይ የፕላስቲኩና የፋይበሩ፣ ከመሬት ተገፍቶ ሊወጣ ይችላል።

እንግዶቹ እስከ ማግስቱ ቆዩ። ማሽኖቹ ጠፉ፤ የገንዳ መታጠቢያዎች ተዘጉ፤ ምድር ቤቱ ተቆለፈ። ሻወር ከ10 ደቂቃ ወደ 4 ተቀነሰ፤ በደቂቃ 9 ሊትር ለሚያፈስ ሻወር ይህ በ22 ሰው 1,188 ሊትር ያድናል። ቁጥሩ በግልጽ ሲነገራቸው ያጉረመረመ አልነበረም።

ወለሉን በተመለከተ ጥድፊያ ይጎዳል። የኖራ ድንጋይ በአሲድ ማጽጃ አይነካም፣ ይበላዋል። ጣውላው ፍሳሽ የነካው ከሆነ ታጥቦ፣ ፀረ ተሕዋስ ተደርጎለት፣ በነፋስና እርጥበት በሚስብ ማሽን ቀስ ብሎ ይድረቅ፤ ማሞቂያ ከተደቀነበት ይጣመማል።

አሁን ቤቱ ሲያዝ የሚጠየቀው የአዳሪ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ የቀን እንግዳም ይቆጠራል። አንሶላ ከግቢ ውጭ ይታጠባል። በየሽንት ቤቱ ክዳን ያለው ቅርጫት ተቀምጧል። ማጣሪያው ትልቅ ቡድን ከመግባቱ በፊት ይታያል፤ ዝቃጩም ሲሶ ሳይሞላ ይመጠጣል። ጀልባ ማሰሪያው ላይ በሳንቲሜትር የተሰመረ እንጨት ቆሟል፤ ሐይቁ ከቀዩ መስመር ካለፈ የምሳ ድግስ የሚፈቀደው ለቀን እንግዶች ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤት ሲመጣ ብቻ ነው፤ ይህም ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ውሉ ላይ ይጻፋል።