«የቤት እመቤት» ብዬ ኮድ የሰጠኋቸው ሴትዮ

ጅማ ላይ ስለ ሥራ ቦታ አቧራና ስለ ሳል አንድ ጥናት ላይ ነበርኩ። የደረሰኝ ሥራ ቀላል ነው ተባልኩ፤ መጠይቁ ላይ የተጻፈውን ሥራ በኮድ መመደብ፣ ከዚያ ለየኮዱ የአቧራ ደረጃ ከሚሰጠው ሠንጠረዥ ጋር ማገናኘት። በቃ።

የያዝኩት የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያጸደቀውን የሙያ ምደባ ነው። ከ10 ዋና ምድብ ተነስቶ እየተከፋፈለ እስከ 436 ባለ 4 አሃዝ ኮድ ይወርዳል። በያጅ 7212፣ ጫኝና አውራጅ 9333፤ እነዚህ አላስቸገሩኝም። የቸገረኝ «የቀን ሥራ» እና «የግል ሥራ» ነው። የቀን ሥራ ማለት ሲሚንቶ ማቡካትም፣ ጆንያ መሸከምም፣ ሣር ማጨድም ነው፤ ምኑን ልኮደው?

ግራ ሲገባኝ አንዳንዶቹን ቤታቸው ሄጄ እንደገና ጠየቅኩ። አንዷ እናት ወረቀታቸው ላይ «የቤት እመቤት» ይላል፣ እኔም አቧራ የማይነካቸው ምድብ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። ቡና እያፈሉ ስናወራ ግን ያስላቸዋል።

«እማማ፣ ቡና መጋዘን ሠርተው ያውቃሉ?»

«ለቀማ ሥራ ነው እንዴ ልጄ? ቡና ሲገባ ብቻ ነው የምሄደው። ጠዋት እለቅማለሁ፣ ከሰዓት ጀንፈል የሚፈለፍለው ማሽን ሥር ገለባ እጠርጋለሁ። ማታ ስናፈጥ ጥቁር ነው የሚወጣው።»

ደነገጥኩ። እሳቸውን የመሰሉ ሰዎች «አቧራ የሌለባቸው» ተብለው ሲነጻጸሩ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያለው ልዩነት ይደበዝዛል፣ አቧራውም ምንም እንዳላደረገ ይመስላል። ስህተቱ ደግሞ የሳቸው አይደለም፣ የጥያቄያችን ነው።

ከዚያ «ሥራዎ ምንድነው?» የሚለውን ብቻውን መጠየቅ ተውኩ። ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ በእጅዎ ምን ሠሩ፣ የት ሆነው፣ በዓመት ስንት ወር? መልሱን በራሳቸው አፍ እንዳለ መጻፍ ጀመርን፤ ጠያቂው «አሳምሮ» ሲያሳጥረው ነው መረጃው የሚጠፋው። ሌላ ባልደረባም የኔን ሳያይ ለብቻው ኮድ ሰጠ፣ ባልተስማማንበት ላይ ተጨቃጨቅን (ስለ ቡና ለቃሚዎቹ አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጅተናል)። ሠንጠረዡንም እንዳለ አልተቀበልኩትም፤ አቧራ መምጠጫ ላለው ፋብሪካ የተሠራ ደረጃ በር ተዘግቶ ለሚጠረግ መጋዘን አይሆንም።

የቀሩትን የቤት እመቤቶች በስልክ ለመጠየቅ ሞከርን። ቀን ላይ አብዛኞቹ አያነሱም። ጥር ነበር፣ መጋዘኖቹ ሞልተዋል።