«ራን» አይጠብቅም
አውቶሆትኪ ላይ (ዊንዶውስ ላይ ተደጋጋሚ ሥራዎችን ስክሪፕት በሚባል የትእዛዞች ዝርዝር በራሱ የሚያሠራ መሣሪያ ነው) ፕሮግራም ማስነሳት ቀላል ነው። «ራን» ብሎ የፋይሉን አድራሻ መስጠት ብቻ ነው። የኤክሴል ፋይል ከሆነ ኤክሴልን መጥራት እንኳ አያስፈልግም፣ ዊንዶውስ በምን እንደሚከፍተው ያውቃል። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ራን» አስነስቶ ወዲያው ወደ ቀጣዩ መስመር ያልፋል፣ ፕሮግራሙ ገና ሳይከፈት ስክሪፕቱ መጻፍ ይጀምርና ጽሑፉ ፊት ለፊት ባለው መስኮት ላይ ይዘረገፋል፤ ያ ደግሞ የተከፈተ ቻት ከሆነ አለቀላችሁ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ «ስሊፕ» (ስክሪፕቱን ለተወሰነ ጊዜ የሚያቆም ትእዛዝ) ጣል አድርጎ ያልፋል። አልወደውም። ዛሬ 3 ሰከንድ የበቃው ኮምፒውተር ነገ ሲንቀራፈፍ አይበቃውም። «ዊንዌይት» ይሻላል፣ መስኮቱ እስኪመጣ ይጠብቃል። «ራንዌይት» ግን ሌላ ነው፤ የሚጠብቀው ፕሮግራሙ እስኪዘጋ ነው። በነገራችን ላይ፣ የፕሮግራሙ አድራሻ ውስጥ ክፍት ቦታ ካለ ትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቡት።